ቬርዲንን ወደ አገሯ የሚመልሳት ኢንሹራንስ

ማሪያና፣ አርካንሳስ
ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2009

ለእህቴ ልጅ ለቬርዲን፣

ከሁሉ አስቀድሜ እስከዛሬ ላቆመን አምላክ ምስጋና ይድረሰው እላለሁ። ሰላምታዬ ባለሽበት ጀርመን ድረስ ይምጣልሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ከወገቤ በታች ያለውን ካልቆጠርን ደህና ነኝ።

ወሬው ከሌላ ሰው አፍ ሳይደርስሽ ራሴ ልንገርሽ ብዬ ነው። ባለፈው ወር መጨረሻ ከበረንዳዬ ደረጃ ወድቄ የዳሌ አጥንቴ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ብረት አስገቡበትና ወደ መጦሪያ ቤት ላኩኝ። መጀመሪያ ላይ እስክራመድ ድረስ ብቻ ነው ብለውኝ ነበር። አሁን አሁን ግን እግሬን የምታለማምደኝ ልጅ ስታወራኝ ዓይን ዓይኔን አታየኝም፤ ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቤቴ ደረጃ አለው። ከደረጃው ወዲያ ደግሞ ውኃ የሚያቀብለኝ ሰው የለም።

እንዳትደውዪልኝ። ስልኩ ያለው ኮሪደሩ ላይ ነው፣ ወሬ የሚለቅም አያጣም። ክፍሉን የምትጋራኝ ሚስ ክላይቲ ዊምበርሊ ናት፤ ታስታውሻት እንደሆነ፣ ያቺ በመዘምራን ቡድኑ ውስጥ ሁልጊዜ ከሌላው ቀድማ የምትጀምረው። ጥርሷን አውልቃ ብርጭቆ ውስጥ ከከተተች በኋላም ማውራቷን አታቆምም። ሰው ባትሆን ኖሮ እንደ ሬዲዮ አጠፋት ነበር።

የአረጋውያን መድኔ አልጋውን የሚከፍልልኝ እስከ ሜይ አጋማሽ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ መክፈል የሚችለው ለድሆች የተዘጋጀው የመንግሥት የሕክምና ሽፋን ነው። ማመልከቻውን አስገብቻለሁ። የባንክ ወረቀት አምጪ፣ የቤት ወረቀት አምጪ፣ የመኪና ወረቀት አምጪ ይሉኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ድሃ ሆኜ ስኖር አንድም ሰው ማስረጃ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እርጅና ላይ ማስረዳት አቃተኝ።

ካልከበደሽ ወፍራም ካልሲ ላኪልኝ፣ ጸጉር ለምትሠራልኝ ሴት የምሰጣትም ትንሽ ነገር ጨምሪበት። እናትሽ መቃብር አጠገብ ያለውን ያንቺን ቦታ ሣሩን እያሳጨድኩት ነው። መቼ ነው የምትመጪው?

አክስትሽ ኦዜላ ፕሩዊት


ካይዘርስላውተርን
ማርች 14 ቀን 2009

ለተከበሩ አክስቴ ለኦዜላ፣

የእግዚአብሔር ሰላም በአልጋዎ ዙሪያ ይሁን። ስብራትዎን ስሰማ እኔም ተሰበርኩ። እስካሁን ዝም ያልኩት ረስቼዎት አይደለም። የምሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ሁለት ሰው ቀንሶ የእነሱንም አንሶላ የምናጥፈው እኛ ሆነናል። ማታ ስገባ ብዕር መያዝ አይደለም፣ ማንኪያ መያዝ ይደክመኛል።

ካልሲውንና ትንሽ ገንዘብ ልኬያለሁ። ስለ ሽፋኑ ብዙ አይጨነቁ። አንድ አሮጌ ቤትና የማይነሳ መኪና ነው ያለዎት፤ ይህን አይቶ ሀብታም ናት የሚል ሰው ካለ እሱም መታከም አለበት። እዚህ ሰው ሲታመም ካርዱን ያሳያል፣ አለቀ። ባለቤቴ ኤርቪን ከመሞቱ በፊት ያን ያህል ጊዜ ተኝቶ ማንም ስለ መኪናችን አልጠየቀንም። ይህን የምልዎት ላስቀናዎት አይደለም።

ለሚስ ክላይቲ ሰላምታ ያቅርቡልኝ። የፋሲካ መዝሙር ላይ ቀድማ ገብታ እናቴን እንዴት እንዳሳቀቻት አልረሳም።

ስለ መምጣቴ፣ ብርዱ ይለፍና እናያለን።

የእህትዎ ልጅ ቬርዲን


ማሪያና
ማርች 30 ቀን 2009

ለቬርዲን፣

መልካሙ እረኛ እጅሽን ይያዝ። ካልሲው ደርሶኛል፤ ክላይቲ አንዱን ጥንድ ወስዳ የሷ እንደሆነ ሁሉ አድርጋ ተኝታለች።

የመንግሥት ሽፋኑ ተከልክሏል።

ከቢሮው ሚስ ሃጀንስ የምትባል ወጣት መጣች። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ጫማዋ ግን ከማስታወቂያ የወጣ ይመስላል። አልጋዬ ጫፍ ቁጭ ብላ አንድ ኢንሹራንስ ደብቀውኛል አለችኝ። የራሴን የቀብር ኢንሹራንስ ነግሬሻለሁ፣ እሱንም የቀብር አስፈጻሚዎቹ ገንዘቡ ወደ እኔ እንዳይመለስ አድርገው በስማቸው አዙረውታል አልኳት። እሱን አይደለም አለች። በአንቺ ሕይወት ላይ የተገባው ነው።

ያንን እኮ አልደበቅኩም፤ የኔ መሆኑን ስለማላውቅ ነው። ቤታችን ውስጥ ልጅ ሲወለድ ገና ስም ሳይወጣለት የኢንሹራንሱ ሰው ሚስተር ሎፍተን ይመጣ እንደነበር ታውቂያለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባርኔጣውን አውልቆ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ ሎሚ በስኳሩን ይጠጣል፣ ሳንቲሞቹን ተቀብሎ ካርዱ ላይ ይፈርማል። ለእያንዳንዳችሁ ትንሽ ትንሽ ኢንሹራንስ ገዝቼላችኋለሁ፤ የኛ ሰው በልመና እንዳይቀበር። እነዚያ ትንንሾቹ ችግር የላቸውም አለችኝ ሚስ ሃጀንስ፤ ሕጉ ከዚህ በታች ከሆነ አይቆጠርም የሚለው መጠን አለው፣ ከዚያ በታች ናቸው።

ያንቺ ግን ትንሽ አይደለም። ወታደር ሆነሽ ጀርመን በሄድሽ ሰሞን ሚስተር ሎፍተንን፣ አንድ ሰው ባሕር ማዶ ቢሞት እዚህ ለማምጣት ስንት ይጠይቃል ብዬው ነበር። እርሳሱን በምላሱ አርሶ አሰበና ብዙ ነው አለኝ። በዚያው ልክ ገባሁልሽ። እሱ ከሞተ በኋላ በፖስታ እየላክሁ ከፍያለሁ፣ አንድም ወር አላሳለፍኩም።

"ሚስ ፕሩዊት፣ ይህን ለምን ማመልከቻው ላይ አልጻፉትም?" አለችኝ።

"የኔ አይደለም፣ የእህቴ ልጅ የቬርዲን ነው።"

"የሚከፍለው ማነው?"

"እኔ።"

"ውሉ ላይ የፈረመውስ?"

"እኔ።"

"እንግዲያው ንብረቱ የእርስዎ ነው። ዛሬ ቢሰርዙት ኩባንያው የሚመልስልዎት ገንዘብ አለ፤ ያ ገንዘብ ከተፈቀደው በላይ ስለሆነ ነው የተከለከሉት።"

"የምትሞተው እኮ እሷ ናት" አልኳት።

ክላይቲ ከመጋረጃው ወዲያ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት እንባዋ ፈሰሰ። እኔን ግን አላሳቀኝም።

ምን እንደማደርግ አላውቅም። ምንም አትላኪልኝ፤ ገንዘብ ባጠራቀምኩ ቁጥር ይበልጥ ሀብታም እየሆንኩ ነው።

ኦዜላ


ካይዘርስላውተርን
ኤፕሪል 12 ቀን 2009

ለተከበሩ አክስቴ፣

ትንሣኤው በተስፋ ያቁምዎት። እዚህ ደወሉ ሲደወል ነው ይህን የምጽፈው።

ደብዳቤዎን ቁርስ ላይ ሳነብ ዳቦዬን አስቀመጥኩት። ለካ ከሃያ ዓመት በላይ በየወሩ ሲቀብሩኝ ኖረዋል። ሰው ሞቶ ስንት እንደሚያወጣ ሲተመን ሰምቼ አውቃለሁ፣ የራሴን ሒሳብ ግን በፖስታ ሲመጣልኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይስቁ ብዬ ነው እንጂ እየተቆጣሁ አይደለም።

አሁን መላው ቀላል ይመስለኛል። ኢንሹራንሱን በኔ ስም ያዙሩልኝ። የእርስዎ ካልሆነ አይቆጥሩትም፣ አልጋዎም ይከፈላል። ፈርሜ የምልከው ወረቀት ካለ ይላኩልኝ። ይህም ካልሆነ ይሰርዙት፤ እኔ ደህና ነኝ፣ የምሞትም አይመስለኝም።

ጉልበቴ ትንሽ ያስቸግረኛል። ከዚያ በቀር ምንም የለብኝም።

ቬርዲን


ማሪያና
ኤፕሪል 25 ቀን 2009

ለቬርዲን፣

በምሕረቱ ባለጸጋ የሆነው ጌታ ይጠብቅሽ።

ያልሺውን ለሚስ ሃጀንስ ነገርኳት። አይሆንም። ለዘመድ በነጻ ማዞር ድሃ ለመምሰል ንብረት እንደማሸሽ ይቆጠራል፣ ለወራት ሽፋን ያስከለክላል አለች። የቀረው መሰረዝ ነው። ሰርዤ፣ የሚመልሱልኝን ለመጦሪያ ቤቱ ከፍዬ ወይም ለራሴ ቀብር የሚሆን ነገር ገዝቼበት፣ ከተፈቀደው በታች ስወርድ ያን ጊዜ ይቀበሉኛል። የሚፈረምበትን ወረቀት ትታልኝ ሄዳለች። መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

አልፈርምም።

ይህን ስትሰሚ እልኸኛ ናት እንደምትይ አውቃለሁ። እናትሽም ትለኝ ነበር። ግን ወንድማችን ሌምዩል ቺካጎ ሄዶ እዚያ ሲሞት ማንም አላመጣውም። ገንዘብ አልነበረም። ከተማው ቁጥር ለጥፎ ቀበረው። እናቴ የት እንደሆነ ሳታውቅ ሞተች፤ መጨረሻ አካባቢ በር በተንኳኳ ቁጥር ሌምዩል መጣ ትል ነበር። አንቺ በአውሮፕላን ስትሄጂ እኔ ሜምፊስ ድረስ ሸኝቼሽ፣ ስመለስ መኪና ውስጥ ለራሴ ቃል ገባሁ። የዚህችን መመለሻ አስቀድሜ እከፍላለሁ ብዬ።

ሜይ አጋማሽ እየደረሰ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሒሳብ በስሜ ይጽፉታል፣ እስከ ጁን መጨረሻ ካልተከፈለ ወደ ቤቴ ይመልሱኛል። የቤቱ ኃላፊ በጣም አዝኖ ነው የነገረኝ፤ እንደሱ አሳምሮ የሚያዝን ሰው አይቼ አላውቅም። ቤት ውስጥ ከአልጋ የሚያነሳኝ ስለሌለ እዚያው እተኛለሁ ማለት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ዕረፍት ላይ ስትወጪ ጠቅልለሽ የምትመጪ ከሆነ ወረቀቱን ዛሬውኑ እፈርማለሁ፤ ከዚያ ማምጫ አያስፈልግሽም። እዚያ የምትቆዪ ከሆነ ግን አልፈርምም። አንቺን መንገድ ላይ ጥዬ አልጋ ላይ አልተኛም።

ኦዜላ


ካይዘርስላውተርን
ሜይ 24 ቀን 2009

ለተከበሩ አክስቴ፣

እግዚአብሔር ልብዎን ያደላድልልኝ፤ ከዚህ በታች ለምጽፈው ያስፈልገኛል።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ጉልበቴ ነው፣ ሥራው ነው፣ ፖስታ ቤቱ ነው ብዬ ልጽፍልዎት ነበር። እሱም ሰለቸኝ።

ጠቅልዬ አልመጣም። ሞቼም አልመጣም።

ኤርቪን ሲሞት የሁለት ሰው የመቃብር ቦታ ነው የገዛሁት። አንዱ ላይ እሱ ተኝቷል፣ ሁለተኛው የኔ ነው። ድንጋዩ ላይ ስሜ ከነትውልድ ዓመቴ ተቀርጿል፤ የሚቀረው ሁለተኛው ዓመት ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ሄጄ አበባውን አጠጣለሁ። አንዳንድ ጊዜ ስሜን ሳነበው ማነች ይቺ እላለሁ። ጎረቤቶቼ የምወዳቸው ሰዎች ናቸው ማለት አልችልም፣ ግን ለምጃቸዋለሁ። ዳቦ የምገዛበት ቤት ሳልናገር ነው የሚያቀርብልኝ። የኤርቪን ኮት አሁንም በሩ ኋላ ተሰቅሏል። እሱን ብቻውን ጥዬው ልመጣ አልችልም።

ይህን ከአራት ዓመት በፊት፣ እሱ በሞተ ጊዜ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። በየደብዳቤው ሣሩን አሳጨድኩልሽ ሲሉኝ ዝም እያልኩ አሳለፍኩት። በመጨረሻ ዝምታዬ አልጋዎን ሊያሳጣዎት ደረሰ።

ወረቀቱን ይፈርሙ። እኔ መንገድ ላይ አልተጣልኩም። የት እንደምገባ ይታወቃል፣ ማን አጠገብም እንደምተኛ ይታወቃል። አጎቴ ሌምዩል ያጣው ይህን ነው፤ እኔ አላጣሁትም። እለምንዎታለሁ፣ ይፈርሙ።

ቬርዲን


ማሪያና
ጁን 12 ቀን 2009

ለቬርዲን፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽን ክላይቲ እንድታነብልኝ አልሰጠኋትም። መነጽሬን ፈልጌ ራሴ አነበብኩት፣ ከዚያ ለጥቂት ቀን ከማንም ጋር አላወራሁም። ክላይቲ ነርሷን ጠርታ ምላሷ ታስሯል፣ ስትሮክ ይሆናል አለቻት። ሐኪም አስጠሩብኝ። ምንም አልሆንኩም፣ ኩርፊያ ነው ማለት አፈርኩና የደም ግፊቴን አስለካሁ።

ከዚያ የቀብር አስፈጻሚው፣ ስለ ራሴ ጉዳይ ሊያነጋግረኝ ሲመጣ፣ ጀርመን አገር ስላለው መቃብር ጠየቅሁት። ሰውዬው ወታደር ሆኖ እዚያ ኖሯል። እዚያ እኮ መቃብር ኪራይ ነው፣ ዘመኑ ሲያልቅ ካላደሱት ለሌላ ሰው ይሰጣል አለኝ። እውነት ነው? ኪራይ እየከፈልሽ ኖረሽ፣ ሞተሽም ኪራይ? ኪራዩ ሲያልቅስ አንቺንና ኤርቪንን ወዴት ሊያደርጓችሁ ነው? ይህን ለክላይቲ ብነግራት ሌሊቱን ሙሉ ስታስብበት አደረች።

ኤርቪንን አልጠላሁትም። እዚህ በመጣ ጊዜ በረንዳዬን ሳልጠይቀው ጠግኖልኛል፣ በአንድ ቀን ውስጥ የሁለት ሰው ያህል የተጠበሰ ዓሣ በልቷል። እንደዚያ ያለ ሰው ብቻውን መተው አይገባውም። ይህን ለመጻፍ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ ግን እወቂልኝ።

ፈረምኩ።

ኩባንያው ቼኩን ላከ። ሚስ ሃጀንስ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ ገንዘቡ በምን በምን ሊወጣ እንደሚችል አስረዳችኝ። የመጦሪያ ቤቱን ዕዳ ከፈልኩ። ትንሽ ተረፈ። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝና ጠየቅኋት።

"በተረፈው ለእህቴ ልጅ የአውሮፕላን ትኬት ብቆርጥላትስ? መጥታ እንድታየኝ።"

"አይቻልም ሚስ ፕሩዊት። ለሌላ ሰው ከሰጡት ስጦታ ነው፣ ያስቀጣዎታል።"

"ለመቃብሬ ድንጋይስ?"

"እሱ ይቻላል።"

"ባለ ነሐስ እጀታ ሣጥን?"

"ይቻላል።"

"ሞታ እንድትመጣ ይህን ሁሉ ዘመን ስከፍል ዝም ብላችሁ፣ በሕይወት ትምጣ ስል ነው የምትከለክሉኝ?"

ምስኪን ናት፤ ሕጉን የፈጠረችው እሷ አይደለችም። የጫማዋን ጫፍ እያየች፣ የኔም አያት እንደዚህ ያለ ኢንሹራንስ አላት፣ በአምስታችንም የልጅ ልጆቿ ላይ ገዝታለች አለችኝ።

ድንጋዩን ገዛሁ። ግራጫ ነው። ሽፋኑ ተፈቅዷል፣ ከጁላይ አንድ ጀምሮ አልጋው በመንግሥት ነው። የቤቱ ኃላፊ ደግሞ አሁን በጣም ደስ አለው።

ከእንግዲህ መቼ ትመጫለሽ ብዬ አልጽፍልሽም። እንድትመጪ የማደርግበት ነገር በእጄ አልቀረም። ደክሞኛል ልጄ። ጻፊልኝ ብቻ።

አክስትሽ ኦዜላ


ካይዘርስላውተርን
ጁን 27 ቀን 2009

ለተከበሩ አክስቴ ለኦዜላ፣

ያሰነበተዎት ጌታ ትንሽ ጨምሮ ያሰንብትልኝ።

መቃብሩ እውነት ነው፣ ኪራይ ነው። ዘመኑ ሲያልቅ እኔም ኤርቪንም ለመከራከር ጉልበት የሚኖረን አይመስለኝም። ለሚስ ክላይቲ እንቅልፏን ትተኛ ይበሉልኝ።

የልብስ ማጠቢያውን አለቃ ፈቃድ ጠየቅሁት። ማን አንሶላ ሊያጥፍ ነው አለኝ። እኔ ሞቼ ቢሆን ማን ያጥፍ ነበር አልኩት። ፊቱ ቀላ፣ ፈቀደ።

ትኬቱን በራሴ ገንዘብ ቆርጬዋለሁ፤ ለሚስ ሃጀንስ ይንገሯት፣ ከእርስዎ ቤሳ የለበትም። ኦገስት 4 ሜምፊስ እገባለሁ። ተቀባይ አያስፈልገኝም። ለሦስት ሳምንት ነው፣ ደርሶ መልስ ነው። በኋላ እንዳናዝን አስቀድሜ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

እናቴ አጠገብ መተኛቱን አልቻልኩም። እርስዎ አጠገብ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ መቀመጥ እችላለሁ። ክፍሉ ውስጥ ወንበር ከሌለ ነርሷን አንድ እንድታስመጣልኝ ይጠይቁልኝ፤ መደገፊያ ያለው ይሁን።

ቬርዲን